በጉልበቱ የሚለይ ወጣት የመሀል ተከላካይን መመዘን፦ ከጃንሜዳ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

የጉዳዩ መነሻ

ይህ ጽሑፍ በአዲስ አበባ መሀል ከተማ የሚገኝ የአንድ እግር ኳስ ክለብ የታዳጊዎች ምልመላ ኮሚቴ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት እስከ ሰኔ 2016 ዓ.ም. ድረስ በአንድ ወጣት የመሀል ተከላካይ ላይ ያካሄደውን ምዘና ይመዘግባል። እኔ ከአምስቱ የኮሚቴው አባላት አንዱ ነበርኩ። ልጁ ገና ታዳጊ ስለሆነና ጉዳዩ የቤተሰብ ጉዳይም ስላለበት የማንም ስም አልተጠቀሰም። ለመጻፍ የተነሣሁት በየክረምቱ በየሜዳው ዳር የምንሰማው «ይሄ ልጅ ጉልበቱ ብቻ ይበቃዋል» የሚለው ፍርድ ብዙ ልጆችን ያለጊዜያቸው ሲያስፈርም፣ ሌሎችንም ሳይታዩ ሲያስቀር ስላየሁና በዚህ ጉዳይ ግን ፍርዱን ቆም ብለን ለመመርመር ዕድል ስላገኘን ነው።

ልጁ

ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጃንሜዳ በተካሄደ የሰፈር ውድድር ላይ ነው። የካዛንቺስ ልጅ ሲሆን የሚጫወተውም በአጎቱ በሚመራ የሰፈር ቡድን ውስጥ ነበር። ያን ቀን ሜዳው በዝናብ ረጥቦ ኳስ በመሬት ለማንሸራሸር ስለማይመች ሁለቱም ቡድኖች ረጅም ኳስ ይመቱ ነበር፤ የተመታው ረጅም ኳስ ሁሉ ደግሞ በእሱ ግንባር ይመለስ ነበር። ቁመቱ 1 ሜትር ከ84፣ ክብደቱ 76 ኪሎ ነው። የተበደረው ታኬታ ጠቦት ከእረፍት በኋላ ጫፉን ቀድዶ ተጫወተ። ትከሻ ለትከሻ የገጠመው አጥቂ ሁሉ መሬት ላይ ወድቋል፤ ዳኛውም ግማሹን ፋውል፣ ግማሹን ጨዋታ እያለ አሳለፈው። ተመልካቹ ጮቤ ረገጠ።

ከጨዋታው በኋላ ቡድን መሪያችን የልጁን የትምህርት ቤት መታወቂያ ጠይቆ ያየው ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 23 ቀን 2008 እንደተወለደ ይገልጻል። ይህም ማለት 15 ዓመት እንኳ አልሞላውም ማለት ነበር። በዚያው ሳምንት የሌላ ክለብ ሰው ለአጎቱ የፊርማ ገንዘብ እንደሚሰጥ ቃል መግባቱን ሰማን፤ ከአምስታችን ሦስቱም ሳይውል ሳያድር አስፈርመነው በቀጥታ ከ20 ዓመት በታች ወደሆነው ተስፋ ቡድን እንዲገባ ፈለጉ።

ጥያቄው

ሐሳቡን ያስቀየረው በመስከረም መጀመሪያ ባደረግነው ስብሰባ ላይ የተነሣ አንድ ጥያቄ ነው። ጠያቂው ቀድሞ የክለባችን ተጫዋች የነበረ፣ ለ11 ዓመታት ካናዳ ኖሮ የተመለሰ ባልደረባችን ነው። በዚያ አገር የበረዶ ላይ ሆኪ እንደ እኛ አገር ሩጫ የሁሉም ቤት ወሬ ነው። የሰሜን አሜሪካው ብሔራዊ የሆኪ ሊግ ክለቦች በየዓመቱ 18 ዓመት የሞላቸውን ወጣቶች በተራ እየጠሩ የሚመርጡበት ሥርዓት አላቸው፤ አሁን 32 ክለቦች በ7 ዙር ይመርጣሉ። ባልደረባችን እንደነገረን በዚህ ምርጫ ከሁሉም ይበልጥ የሚያከራክሩት ግዙፍ ተከላካዮች ናቸው፤ ምክንያቱም አንድ ተከላካይ ከእኩዮቹ ገዝፎ ስለታየ ብቻ ሰው ሁሉ ከገዘፈበት ሊግ ሲደርስ ምን እንደሚተርፈው ማወቅ ከባድ ነው። ለምሳሌም ቁመቱ 2 ሜትር ከ6 ሳንቲሜትር የሆነውን ስሎቫካዊ ዝዴኖ ቻራን ጠቀሰልን። እሱ በ1996 እ.ኤ.አ. የተመረጠው በ56ኛ ደረጃ ሲሆን፣ የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ የተሸለመው ከ13 ዓመት በኋላ በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። የመረጠው ክለብም በ2001 እ.ኤ.አ. ለሌላ ክለብ አሳልፎ ሰጥቶት ስለነበር የትዕግሥቱን ፍሬ የበሉት ሌሎች ናቸው።

ከዚያ ባልደረባችን የጠየቀው ይህን ነው፦ «ተጋጣሚዎቹ እሱን ሲያህሉት ለዚህ ልጅ ምን ይቀረዋል?» ማናችንም መልስ አልነበረንም። አሳማኝ መልስ እስክናገኝ ድረስ ማስፈረሙን ለማቆየት በቃለ ጉባኤ ተስማማን፤ ልጁም በሙከራ ከ17 ዓመት በታች ቡድናችን ጋር ልምምድ እንዲጀምር አደረግን። በእኛ አገር ክለቦች ተራ ጠብቀው የሚመርጡበት ሥርዓት ስለሌለ ይህ ውሳኔ ልጁን ለሌላ ክለብ አሳልፎ የመስጠት አደጋ ነበረው፤ አደጋውን አውቀን ተቀበልነው።

የልደት ቀኑ

በመጀመሪያ ያጣራነው ዕድሜውን ነው። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዲስ መልክ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች በልደታቸው ሰሞን የተጻፈ ማስረጃ የላቸውም። ስለዚህ እኔና ቡድን መሪው በጥቅምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ካዛንቺስ ወደ ቤታቸው ሄድን። እናቱ ቡና አፍልተው ተቀበሉን። ልጃቸው መቼ እንደተወለደ ስንጠይቃቸው ወረቀት አልፈለጉም፦ «ሚሊኒየሙ በተከበረ በሦስተኛው ወር፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው የወለድኩት። ንግሥ ስሄድ ምጥ ሊመጣብኝ ነው ብለው ጎረቤቶቼ ከለከሉኝ» አሉ።

የኅዳር ሚካኤል ማግስት ኅዳር 13 ነው፤ ዓመቱ 2000 ዓ.ም. ነው። ይህ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 23 ቀን 2007 እንጂ 2008 አይደለም። ከመስከረም 1 ጀምሮ የአውሮፓውያን ዘመን መለወጫ እስኪደርስ በሁለቱ ዘመን አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት 7 ዓመት ሲሆን፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ፍጻሜ 8 ዓመት ነው። መታወቂያውን የጻፈው ሰው ቀኑንና ወሩን በትክክል ቀይሮ ዓመቱ ላይ ግን 8 ደምሯል። እናቱ ከሣጥን ያወጡት የክርስትና ካርድም ይህንኑ አረጋገጠልን፤ ልጁ በ40 ቀኑ ታኅሣሥ 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ክርስትና ተነሥቷል። ይህ ቀን በአውሮፓውያኑ ጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ላይ ይውላል። ስሕተቱ ምናልባት ከዚሁ ካርድ ሳይጀምር አይቀርም፤ ለክርስትናው ቀን 8 መደመር ትክክል ነው፣ ለልደቱ ቀን ግን አይደለም።

እዚህ ላይ ማንም አላጭበረበረም፤ ይህን አጥብቄ መናገር የምፈልገው በአገራችን የታዳጊ ዕድሜ ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ቤተሰብ ሁሉ እንደ አታላይ ስለሚታይ ነው። ይሁንና የአንድ ዓመት ልዩነቱ ቀላል አልነበረም። በ2025 እ.ኤ.አ. በኳታር ለተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ መብት የነበራቸው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2008 ጀምሮ የተወለዱ ናቸው። ልጁ በመታወቂያው መሠረት ለዚህ የዕድሜ ምድብ ይደርሳል፤ በእውነተኛ ልደቱ ግን በ39 ቀን ያልፈዋል። አጎቱ ይህን ሲሰሙ ተቆጡ። «ወረቀቱን እኔ አልጻፍኩት፤ እናንተስ ለምን ትነካኩታላችሁ?» አሉን።

ከኮሚቴው አንድ አባል የእጅ አንጓ የኤም አር አይ ምርመራ ይወስን የሚል ሐሳብ አቀረበ። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድሮች ላይ ይህን ምርመራ ይጠቀማል። ነገር ግን ምርመራው የሚያሳየው ከእጅ አንጓ በላይ ያለው የአጥንት ማደጊያ ክፍል ሙሉ በሙሉ መግጠም አለመግጠሙን ነው፤ የልደት ቀን አይነግርም። ልጁ ፈተናውን ቢያልፍ እንኳ እናቱ የነገሩን ቀን አይለወጥም። በመሆኑም ምርመራውን ትተን በክለባችን መዝገብ ትክክለኛው ቀን እንዲሰፍር፣ ቤተሰቡም የትምህርት ቤቱን መዝገብ እንዲያስተካክል ጠየቅን። እናቱ ወዲያው ተስማሙ። አጎቱ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ሜዳችን አልመጡም።

የሰውነት እድገቱ

የዕድሜው እርማት የምዘናውን ግማሽ ቀየረው። ከ15 ዓመት ልጆች ጋር እያነጻጸርን ያደነቅነው ልጅ ለካስ ወደ 16 እየተጠጋ ነበር። በዚህ ዕድሜ የአንድ ዓመት ልዩነት ምን ያህል እንደሚከብድ መጀመሪያ በስፋት የታየውም በሆኪ ነው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. በካናዳ የወጣ ጥናት በታዳጊ ሆኪ ምርጥ ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱ ልጆች ከሌሎቹ እጅግ እንደሚበዙ አሳይቷል። የዕድሜ መቁረጫው ጃንዋሪ 1 ስለነበር በጥቂት ወራት የሚበልጡት ልጆች ገዝፈው ይታያሉ፤ ገዝፈው ስለታዩም ይመረጣሉ፤ ስለተመረጡም የተሻለ ሥልጠና ያገኛሉ።

የእድገቱን ደረጃ ለመገመት የተጠቀምነው በቀላል መሣሪያ ነው፤ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሜትር፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ሚዛን። ቁሞ 184 ሳንቲሜትር፣ ተቀምጦ ከወንበሩ እስከ አናቱ 95 ሳንቲሜትር ተኩል ሆነ። ወንዶች በአማካይ በ14 ዓመታቸው ገደማ በፍጥነት ሲያድጉ እግራቸው ቀድሞ ይረዝማል፤ ከወገብ በላይ ያለው አካል በኋላ ይደርሳል። የዚህ ልጅ ተቀምጦ የተለካው ቁመት ከጠቅላላ ቁመቱ 52 በመቶ ገደማ መድረሱ ያ ፈጣን እድገት ካለፈ መቆየቱን ይጠቁማል። አባቱ 181፣ እናቱ 168 ሳንቲሜትር ናቸው። ለወንድ ልጅ የሚጠበቀውን ቁመት ለመገመት የሁለቱን ወላጆች ቁመት ደምሮ 13 ጨምሮ ለሁለት ማካፈል የተለመደ ስለሆነ ውጤቱ 181 ይሆናል። ግምቱ በብዙ ሳንቲሜትር ሊስት ቢችልም ልጁ ከተገመተው በላይ ደርሶ ነበር። ከጥቅምት እስከ ሰኔ በወር አንድ ጊዜ ለካነው፤ በስምንት ወር ውስጥ የጨመረው 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው።

ወጌሻችን ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጠቀለለው፦ «ይሄ ልጅ ቀድሞ ደርሷል እንጂ ገና እያደገ አይደለም።» የ1 ሜትር ከ84 የመሀል ተከላካይ በእኛ ሊግ አጭር አይደለም። ሆኖም ከሦስት ዓመት በኋላ በቁመቱና በክብደቱ ብቻ የሚያሸንፍ ግዙፍ ተከላካይ እንደማይሆን አወቅን። እንግዲህ መፈለግ የነበረብን ሌላ ነገር ነው።

ሜዳ ላይ ያየነው

ከ17 ዓመት በታች ቡድናችን ጋር ስድስት ጨዋታ ሲያደርግ በእጅ መዘገብን። ከ47 የአየር ላይ ኳሶች 41 አሸነፈ። 19 ፋውል ሠርቶ 3 ቢጫ ካርድ አየ። ከእነዚህ ቁጥሮች በላይ የጠቀመን ግን ሥራውን የከፈልንበት መንገድ ነው፤ አንዱ ተመልካች ኳሱን ሲከተል ሌላው ኳሱ የትም ይሁን ልጁን ብቻ ያይ ነበር። ሁለተኛው ተመልካች እኔ ነበርኩ፤ ጨዋታን እንደዚያ ማየት ለምደን ስለማናውቅ በጣም ያደክማል። ያየሁትም አስደንጋጭ ነው። ተጋጣሚ ረጅም ኳስ ለመምታት ሲዘጋጅ ልጁ ከኋላው ማን እንዳለ ለማየት አንገቱን የሚያዞረው ከስንት አንዴ ነው። ዓይኑን ኳሱ ላይ ተክሎ ይቆማል፤ ኳሱ ሲመታ ዘግይቶ ይነሣል፤ ግን በጉልበቱ ይደርሳል። ፋውሎቹ የመጡት ከዚሁ መዘግየት ነው። ከውጭ ሲታይ ጨካኝ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን የዘገየ ተከላካይ ነበር።

በታኅሣሥ አዳማ ላይ ያደረግነው የወዳጅነት ጨዋታ ደግሞ ተስፋ ሰጠን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች በሳሳው አየሯ ውስጥ ኳስ ራቅ ብሎ ይሄዳል፤ አዳማ ወደ 1,700 ሜትር ዝቅ ስለምትል ኳሱ ቀደም ብሎ ይወድቃል። ልጁ በመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ሦስት ኳስ ከፊቱ ወድቆ አመለጠው። ከዚያ በኋላ ማንም ሳይነግረው ሁለት እርምጃ ወደፊት ቀርቦ መቆም ጀመረ፤ እስከ መጨረሻውም አንድ ኳስ አልሳተም። ይህን በማስታወሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ጃንሜዳ በጥር ለጥምቀት ሲዘጋጅ ልምምድ ስለቆመ ያን ሳምንት ለውይይት ተጠቀምንበት። ቢሮ ውስጥ አግዳሚው ላይ ቆርኪ ዘረጋሁና በመጨረሻው ጨዋታ የተቆጠረብንን ጎል እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። ሃያ ሁለቱንም ቆርኪዎች አስቀመጠ። የእኛን የግራ መስመር ተከላካይ ካሰብኩት ቦታ ሜትሮች አርቆ አስቀመጠው፤ በኋላ በስልክ የተቀረጸውን ስናይ ትክክሉ እሱ ነበር። ጎሉን ያገባውን አጥቂ ከራሱ ቆርኪ ጀርባ አኖረው።

«ከኋላህ እንዳለ አይተኸው ነበር?» አልኩት።

«አላየሁትም ጋሼ፤ ግን መኖሩን አውቄ ነበር። ሌላ የት ይሄዳል? እደርስበታለሁ ብዬ ነው የተውኩት።»

ለእኔ ከምዘናው ሁሉ ትልቁ ግኝት ይህ መልስ ነው። ልጁ ጨዋታን ያነብባል፤ ያነበበውን ግን አይጠቀምበትም፤ ምክንያቱም እስከዚያ ዕለት ድረስ ዘግይቶ ተቀጥቶ አያውቅም። ጉልበቱ ድክመቱን ብቻ ሳይሆን ዋናውን ተሰጥኦውንም ሸፍኖት ነበር። በካዛንቺስ ጠባብ መንገዶች ከታላላቆቹ ጋር ሲጫወት የለመደው ይህ ንባብ ሰውነቱ ድንገት በገዘፈ ጊዜ የማያስፈልግ ሆኖ ተቀመጠ።

ከትልልቆቹ ጋር

ከየካቲት መጀመሪያ ጀምሮ ለስምንት ሳምንት ከ20 ዓመት በታች ከሆነው ተስፋ ቡድን ጋር አሠለጠንነው፤ ዓላማው ሰውነቱ ብልጫ በማይሰጠው ቦታ ማየት ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት የልምምድና የወዳጅነት ጨዋታዎች አሳዛኝ ነበሩ። ከ44 የአየር ላይ ኳሶች ያሸነፈው 23 ብቻ ነው፤ 22 ፋውል ሠራ። በአንድ ለአንድ ግንኙነት ፈጣን አጥቂ ወደ ግራው ሲያልፈው ወገቡን አዙሮ ለመከተል ይቸገራል። በግራ እግሩ የሚያቀብለው ኳስ ወይ ይወጣል ወይ ለተጋጣሚ ይደርሳል። መጀመሪያ ላይ በአስቸኳይ እናስፈርም ካሉት ሦስት አባላት ሁለቱ አሁን ይሰናበት ወደሚል አዘነበሉ። ያው ልጅ ነው፤ የተቀየረው አጠገቡ የቆሙት ልጆች ቁመት ብቻ ነው።

እኔ በዚህ ጊዜ ስሕተት ሠራሁ። ፋውሉ እንዲቀንስ ብዬ ለሁለት ጨዋታ «ዝም ብለህ ከፊቱ ቁም እንጂ አትግባ፣ ሸርተቴም አትውረድ» አልኩት። ታዘዘኝ፤ ፋውሉም ቀነሰ። ነገር ግን ወደ ኋላ እያፈገፈገ አጥቂው እስከ ፍጹም ቅጣት ምት ክልል እንዲገባ ይፈቅድ ጀመር፤ በሁለቱ ጨዋታ አራት ጎል ገባብን። መግጨት የዚህ ልጅ ጥቅም ነው። መነካት ያለበት ከግጭቱ በፊት ያለው ጊዜ ሆኖ ሳለ እኔ ግጭቱን ራሱን ከለከልኩት። ይቅርታ ጠይቄው መመሪያውን ቀየርኩ፦ ረጅም ኳስ ከመመታቱ በፊት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ያያል፤ ያየውን ተጫዋች የማልያ ቁጥር ጮክ ብሎ ይጠራል፤ ከዚያ እንደ ፈቀደው ይግጭ። ለአራት ሳምንት በየልምምዱ ለ15 ደቂቃ ይህን ብቻ ሠራን። ከዚያ በኋላ ባሉት ስድስት ጨዋታዎች ከ46 የአየር ላይ ኳስ 29 አሸነፈ፤ ፋውሉ ወደ 9 ወረደ። ወገቡን የማዞር ችግሩ ግን ብዙም አልተሻሻለም፤ ይህ ረጅም ጊዜ የሚፈልግ ነገር ነው።

ያልሠሩልን ነገሮች

በስልክ የቀረጽናቸው ጨዋታዎች ከጠበቅነው በታች ጠቀሙን። ቀራጩ ከመሬት ደረጃ ኳሱን እየተከተለ ስለሚቀርጽ የተከላካይ መስመሩ አቋም አይታይም። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ቆሞ ሙሉውን ሜዳ የሚቀርጽ ሰው ከመጀመሪያው መመደብ ነበረብን።

የሩጫ ፈተናውን ደግሞ የሰጠነው መጋቢት 2 ቀን 2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም በገባበት ሰሞን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ነው። ልጁ እስከዚያ ሰዓት እህል ውኃ እንዳልቀመሰ አልጠየቅንም፤ እሱም አልነገረንም። ውጤቱ ከቡድኑ መጨረሻ ሆነና «አቅም የለውም» ተብሎ በቅጹ ላይ ሰፈረ። ከፋሲካ በኋላ ስንደግመው ከቡድኑ አራተኛ ወጣ። የመጀመሪያውን ውጤት ሰርዘነዋል፤ ግን ለስምንት ሳምንት ያህል በስብሰባ ላይ ሲጠቀስበት ቆይቷል። በጾም ወቅት፣ የረመዳንንም ጨምሮ፣ የተሰጠ የአቅም ፈተና የልጁን አቅም ይለካል ብዬ ዛሬ አልቀበልም።

ውሳኔው

በሰኔ 2016 ዓ.ም. ኮሚቴው በአንድ ድምፅ ልዩነት ወሰነ። ልጁ የዋናው ቡድን ውል አይፈርምም፤ አይሰናበትምም። በትክክለኛ የልደት ቀኑ ቴሴራ (የተጫዋችነት መታወቂያ) ወጥቶለት ለሁለት ዓመት በተስፋ ቡድኑ ይቆያል፤ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ ክለቡ የመጻሕፍትና የትራንስፖርት ወጪውን ይሸፍናል፤ በየስድስት ወሩ እንደገና ይመዘናል። በግምገማው ቅጽ ላይ የሰፈረው ድምዳሜ እንዲህ ይላል፦ «የማንበብ ችሎታው ከፍተኛ፣ የአየር ላይ ኳስ ጥሩ፣ የግራ እግር ደካማ፣ የመዞር ፍጥነት ደካማ፤ ለፕሪሚየር ሊግ የመድረስ ዕድል አለው፤ ከ20 ዓመቱ በፊት ግን መጠበቅ የለበትም።»

ውሳኔውን ለእናቱ የነገርናቸው በዚያው ቤት ነው። የሌላው ክለብ የፊርማ ገንዘብ ከእኛ ቃል ጋር ሲነጻጸር ለቤተሰቡ ትልቅ ነገር እንደነበር እናውቃለን። እናቱ ብዙ አልተናገሩም፤ «እሱ ራሱ ይወስን፤ ሜዳ የሚገባው እሱ ነው» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ። ልጁ አቀርቅሮ ቆየና መቆየት እንደሚፈልግ ተናገረ። ምክንያቱን ስንጠይቀው ቆርኪውን ጠቀሰ።

ለሌላ ምልመላ የሚያገለግለው

ከዚህ ጉዳይ ወስጄ ሌላ ልጅ ላይ የተጠቀምኩበት ቀዳሚ ነገር የልደት ቀንን ራሴ መቁጠር ነው። ልደቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ የሚውል ልጅ ወረቀቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፈ ከሆነ ዓመቱን መጠራጠር ተገቢ ነው። እናትን ጠይቆ በዓሉን ማወቅ ከማንኛውም መሣሪያ ይቀላል፤ ይህን ጥያቄ ግን በመርማሪ ድምፅ ሳይሆን በእንግዳ ድምፅ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ያለው ይበልጥ ከባድ ነው። ጉልበተኛ ተከላካይን ከእኩዮቹ ጋር እያዩ መመዘን ስለ እኩዮቹ ይነግራል እንጂ ስለ እሱ ብዙ አይነግርም። ከሚበልጡት ጋር ማሰለፍ ግድ ነው፤ ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ውጤት እንደ ፍርድ የሚወስድ ኮሚቴ ልጁን በእጥፍ ይበድለዋል። በስምንቱ ሳምንት ውስጥ ዋጋ የነበረው የት እንደጀመረ ሳይሆን የተነገረውን ይዞ የት እንደደረሰ ነው። በፋውሉም ረገድ ቁጥሩን ከመቀነስ ይልቅ ከየት እንደመጣ መመርመር ይሻላል፤ የዘገየ ተከላካይና ጠበኛ ተከላካይ ከሩቅ አንድ ይመስላሉ፤ የሚያስፈልጋቸው ሥልጠና ግን ለየቅል ነው።

ልጁን ማናገርም ያስፈልጋል። ለስድስት ጨዋታ ስንመዘግበው ያላገኘነውን በአንድ ከሰዓት በሃያ ሁለት ቆርኪ አገኘነው። ታዳጊ ተጫዋች አሠልጣኝ ፊት ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ስለተማረ «ጥያቄ አለህ?» ቢባል የለኝም ይላል፤ እጁ ላይ የሚያሳይበት ነገር ሲሰጠው ግን ይናገራል።

ከውሳኔው በኋላ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የካዛንቺስ አካባቢ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ቤተሰቡ ወደ ከተማዋ ዳር ተዛወረ። ልጁ ጃንሜዳ ለመድረስ ሁለት ታክሲና አንድ አውቶቡስ ይይዝ ጀመር፤ በአንድ ወር ውስጥ ሰባት ልምምድ አመለጠው። እንዲህ ያለ ነገር ሊመጣ እንደሚችል ሰፈሩን እያወቅን አላሰብንበትም፤ የትራንስፖርት ገንዘቡንም የተመነው በአሮጌው አድራሻ ነበር። አሁን የሳምንቱን አራት ቀን አራት ኪሎ ካሉት አክስቱ ዘንድ ያድራል።

አጎቱ በጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሜዳ መጥተው ከዳር ቆመው ጨዋታ አዩ። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ወረቀቱ አልተነጋገርንም።

በሰኔ 2017 ዓ.ም. ባደረግነው ግምገማ ቁመቱ 185 ሳንቲሜትር ሆነ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ከእሱ ያጥሩ የነበሩ ሁለት የቡድን ጓደኞቹ አሁን በለጡት፤ አንደኛው በ3 ሳንቲሜትር ይበልጠዋል። የተስፋ ቡድኑ አሠልጣኝ ከሦስቱ የመጀመሪያ ተሰላፊ የሚያደርገው እሱን ነው። በግራ እግሩ የሚያቀብለው ኳስ ገና ይስታል።